ለሀሪኬን ወቅት ቤት ስናዘጋጅ የትኛው ይቅደም?

አዲስ ነዋሪ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። ከሦስት ወር በፊት ቤተሰቤን ይዤ በአሜሪካ፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ወደሚገኝ፣ ፎቅ ወደሌለው ቤት ገብቻለሁ። ከዚያ በፊት የኖርነው ከባሕር በራቀ ክፍለ ግዛት ስለነበር ሀሪኬን የሚሉትን የባሕር አውሎ ነፋስ የማውቀው በቴሌቪዥን ብቻ ነው። የአትላንቲክ የሀሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ስለሚቆይ የቀረኝ አምስት ሳምንት ያህል ነው። ባለፈው እሑድ ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን የሚገዛውንና የሚሠራውን ስንጽፍ ሁለት ገጽ ሞላ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማድረግ ግን ጊዜውም ገንዘቡም አይፈቅድልንም። ስለዚህ ጥያቄዬ የትኛው ይቅደም የሚል ነው።

በቤቱ ውስጥ አምስት ነን። ልጆቻችን የ9 እና የ4 ዓመት ናቸው። እናቴ የስኳር ሕመም ስላለባቸው ኢንሱሊን ይወስዳሉ፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የኦክስጅን ማሽን ይጠቀማሉ። አንድ ጎረቤቴ «የሀሪኬኑ ብርታት ምድብ 3 ካልደረሰ እዚህ ሰፈር ማንም ከቤቱ አይነቃነቅም» ብሎኛል። አባባሉ ልክ ይሁን አይሁን የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ጣሪያ ሠሪ፦

እንኳን ደኅና መጡ። መተዳደሪያዬ ቤት ማደስ ነውና በማውቀው ልጀምር። ሰው ስለ ሀሪኬን ሲያስብ ዓይኑ መስኮቱ ላይ ያርፋል፤ እኔ ግን አንድ ግቢ ስገባ መጀመሪያ የማየው የጋራዡን በር ነው። በሩ ሰፊና ስስ ስለሆነ፣ የያዘውም ሁለት ሐዲድ ብቻ ስለሆነ፣ ነፋስ ወደ ውስጥ ገፍቶ ሲያጥፈው ቤቱ ከውስጥ እንደ ፊኛ ይነፋል። በጣሪያው ላይ የሚያልፈው ነፋስ በበኩሉ ክዳኑን ወደ ላይ ይስባል፤ ሁለቱ ሲተባበሩ ጣሪያው ከግድግዳው ይላቀቃል። በ1992 አንድሩ የተባለው ሀሪኬን ደቡብ ፍሎሪዳን ከመታ በኋላ ፍርስራሹን የመረመሩ መሐንዲሶች ይህንኑ በብዙ ቤቶች ላይ አይተዋል፤ የፍሎሪዳ የግንባታ ሕግ የጠበቀውም ከዚያ ወዲህ ነው። የእርስዎ በር ነፋስ እንዲቋቋም የተሠራ ከሆነ በውስጥ በኩል የተለጠፈበት ጽሑፍ ይናገራል፤ ካልሆነ ማጠናከሪያ ብረት ማስገጠም ይቻላል፤ ሙሉውን በር ከመቀየር በእጅጉ ይረክሳል።

ቀጥሎ የእጅ ባትሪ ይያዙና ወደ ኮርኒሱ በላይ ይውጡ። ካፕሪያታው ግድግዳው ላይ የሚያርፍበትን ቦታ አንድ በአንድ ይመልከቱ። እንጨቱን ከላይ አቅፎ ወደ ግድግዳው የሚወርድ የብረት ማሰሪያ ካዩ ደስ ይበልዎት፤ በጎን በኩል የተመቱ ሁለትና ሦስት ምስማሮች ብቻ ካዩ ግን ያ ጣሪያ የተቀመጠው በክብደቱ ነው ማለት ይቻላል። ማሰሪያውን አሁን ማስመታት ይቻላል፤ ኦገስት ውስጥ ግን ባለሙያ ማግኘት ጭንቅ ነው።

መስኮትን በተመለከተ፣ መዝጊያ ሹተር ከሌለ 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ይበቃል፤ ነገር ግን ዛሬ ተለክቶ፣ ተቆርጦና በትራፓኖ ተበስቶ ሊቀመጥ ይገባዋል። እያንዳንዱ ጀርባ ላይ «ወጥ ቤት፣ የግራው» ተብሎ ይጻፍበት። የሚታሰረውም በምስማር ሳይሆን በረጅም ቪቴ ወይም በብሎን ነው። መስታወት ላይ ፕላስተር በመስቀል አምሳል መለጠፍ ምንም አይጠቅምም፤ መስታወቱ መሰበሩ አይቀርም፣ ስባሪው ግን እየተያያዘ ትልልቅ ይሆናል። «ግፊቱ እንዲመጣጠን መስኮት ይከፈት» የሚለው ወሬም ስሕተት ነው፤ ይህ ጋራዡን በገዛ እጅ ከመክፈት አይለይም።

የደረቁና ወደ ቤቱ ያዘነበሉ ቅርንጫፎች አሁኑኑ ይቆረጡ። አውሎ ነፋሱ ከታወጀ በኋላ የሚቆርጡ ሰዎች የቆረጡትን መንገድ ዳር ይከምሩታል፤ ያ ክምር በማግሥቱ በጎረቤት መስኮት ይገባል። አሸንዳውንም ያስጠርጉ።

ሠላሳ ዓመት በባሕር ዳር፦

ወንድማችን የጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ እኔም ከእርሱ የተማርሁት አለ። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን እለያለሁ። ጣሪያው የሚታሰበው ቤቱ በውኃ የማይጥለቀለቅ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው።

ሀሪኬን ሲባል ነፋስ ይታሰባል፤ የሚገድለው ግን በአብዛኛው ውኃ ነው። ከ1963 እስከ 2012 በአሜሪካ በእንዲህ ያለ አውሎ ነፋስ በቀጥታ ከሞቱት ሰዎች ግማሽ ያህሉ የሞቱት ነፋሱ ገፍቶ ወደ ምድር በሚያወጣው የባሕር ሙላት ነው፤ ከአራት አንድ በላይ የሚሆኑት ደግሞ በዝናብ ጎርፍ ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት የዝናብ ጎርፉ ብሶ ቀዳሚውን ቦታ ይዟል።

የጎረቤትዎ አባባል አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ከ1 እስከ 5 ያለው ምድብ የሚለካው የነፋሱን ፍጥነት ብቻ ነው፤ ስለ ውኃው አንድም ነገር አይናገርም። በ2008 አይክ በቴክሳስ ጠረፍ ሲገባ ምድብ 2 ነበረ፤ በቦሊቫር ልሳነ ምድር ላይ ግን ከ4 ሜትር ተኩል እስከ 6 ሜትር የሚደርስ የባሕር ሙላት አምጥቶ መንደሮችን ጠራርጎ ወሰደ። በ2001 ሂውስተንን ያጥለቀለቀው አሊሰን እስከ መጨረሻው ሀሪኬን እንኳ አልሆነም፤ ምድብ የሚባል ነገር አልነበረውም። በ2017 ሃርቪ ጠረፉን ሲመታ ምድብ 4 ነበር፤ ትልቁን ጎርፍ ያመጣው ግን ነፋሱ ከደከመ በኋላ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ለቀናት ሲዘንብ ነው። በአንዳንድ ቦታዎች ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ተለክቷል።

በዚያ በሃርቪ ጊዜ እኔ ቤቴ ውስጥ ነበርሁ። ውኃው በበር ይመጣል ብዬ ደጃፉ ላይ የአሸዋ ከረጢት ደርድሬ ተቀምጬ ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ከመታጠቢያ ክፍል የመጣ ጉርጉርታ ነው፤ ውኃው ወለሉ ላይ ባለው የፍሳሽ ቀዳዳ ወደ ላይ እየወጣ ነበር። ጉልበቴ ሲደርስ ፍሪጁ ከቦታው ተነሥቶ ጥቂት ተንሳፈፈ፣ ከዚያም በጀርባው ተኛና በሩ ተከፈተ። ከረጢቶቹ ደጃፉ ላይ እንደተደረደሩ ነበሩ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ገንዘብ አያስወጣም። ዛሬ ማታ ሁለት ካርታ ይመልከቱ። አንደኛው የመልቀቂያ ቀጠና ካርታ ሲሆን የሚያወጣው የአካባቢዎ የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ነው፤ ባሕሩ ሲገፋ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ ይናገራል፣ ፍሎሪዳን በመሰሉ ቦታዎችም ቀጠናዎቹ በፊደል ይጠራሉ። ሁለተኛው የጎርፍ ቀጠና ካርታ ነው፤ ይህ ፌማ የሚባለው የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ድርጅት ሲሆን ለኢንሹራንስና ለግንባታ የሚያገለግል ነው። ሰዎች ሁለቱን እያምታቱ «እኔ በጎርፍ ቀጠና ውስጥ የለሁም» ብለው ትእዛዝ ሲወጣ ይቀመጣሉ። የሚወጡት ወይም የሚቀመጡት በመጀመሪያው ካርታ ነው። የአገሩ የአደጋ ሠራተኞች ነገሩን ሲያሳጥሩት ከውኃ ሽሽ፣ ከነፋስ ተሸሸግ ይላሉ።

አልወጣም ባይ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ለመውጣት ይህን ያህል አትቸኩሉ። በ2005 ካትሪና ኒው ኦርሊንስን ካጠፋች ከአንድ ወር በኋላ ሪታ መጣች ተባለና ሁላችንም ወጣን። ሕፃን ልጅ ይዘን፣ መስኮት ከፍተን፣ ነዳጅ እንዳያልቅ ማቀዝቀዣውን አጥፍተን ሃያ ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ቆየን። በዚያ ጉዞ ብዙ ሰው በሙቀት ሞቷል፤ አረጋውያንን የጫነ አውቶቡስም ተቃጥሎ 23 ሰዎች አልቀዋል። ማዕበሉ ዞሮ ወደ ምሥራቅ ሄደ፤ ቤቴ ስመለስ አንድ ጡብ አልተነቃነቀም ነበር። ከዚያ ወዲህ ከቤቴ ወጥቼ አላውቅም።

ሠላሳ ዓመት በባሕር ዳር፦

እርስዎ ያዩትን እኔም አይቻለሁ፤ አላስተባብልም። ነገር ግን ያን ቀን መንገዱን የሞላው ሰው ብዙው ውጡ ያልተባለ ነበር። ከባሕር የራቀው ሁሉ ካትሪናን በቴሌቪዥን አይቶ ስለነበር በድንጋጤ ወጣ፤ ከባሕሩ ዳር መውጣት የነበረበት ሰውም ከኋላው ተሰልፎ ቀረ። ለጠያቂያችን የሚጠቅመው ትምህርት ይህ ይመስለኛል፦ ቀጠናው ከተጠራ ይውጡ፣ ካልተጠራና ቤቱ ጠንካራ ከሆነ መንገዱን ለሌላው ይልቀቁ።

ሲወጡም ሩቅ መሄድ የግድ አይደለም። የሚሸሹት ከውኃው ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሠላሳና ሃምሳ ኪሎ ሜትር ወደ ከፍታ መሄድ ይበቃል፤ እዚያ የሚቀበል ወዳጅ ካለ ከአሁኑ ይነጋገሩ። ሰዓቱንም ያስቡበት። ብሔራዊ የሀሪኬን ማዕከል የጥንቃቄ ማስታወቂያ የሚያወጣው ኃይለኛው ነፋስ ይደርሳል ተብሎ ከሚጠበቅበት 48 ሰዓት በፊት ነው፣ ማስጠንቀቂያውን ደግሞ 36 ሰዓት ሲቀረው ያወጣል። አዛውንትና ሕፃናት ያሉበት ቤት ማስጠንቀቂያውን ሳይጠብቅ ቢንቀሳቀስ ይሻላል፤ የነዳጅ ሰልፉ የሚጀምረው ያኔ ነውና። ከጁን ጀምሮ የመኪናዎ ነዳጅ ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ያድርጉ።

በቴሌቪዥን የሚታየውን ነጭ ቀፎ የሚመስል ካርታም አደራዎን በትክክል ያንብቡት። ቀፎው የሚያሳየው የማዕበሉ መሐል ሊያልፍበት የሚችለውን ቦታ ብቻ ነው፤ መሐሉም ከሦስት አንድ ጊዜ ያህል ከቀፎው ይወጣል። ዝናቡና የባሕሩ ሙላት ደግሞ ከቀፎው ውጭ በመቶ ኪሎ ሜትሮች ይዘረጋሉ።

አልወጣም ባይ፦

ስለ ቀጠናው የተባለውን እቀበላለሁ፤ የእኔ ቤት ከቀጠናው ውጭ ነው። ይሁን እንጂ ትእዛዝ የሚያወጡት ሰዎች እንዳይወቀሱ ሲሉ አንዳንዴ አብዝተው እንደሚጠሩ ማመኔን አልተውም። ለሚቀመጥ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፦ ነፋሱ ድንገት ጸጥ ብሎ ሰማዩ ከጠራ አልፏል ብላችሁ እንዳትወጡ፤ የማዕበሉ ዓይን፣ ጸጥ ያለው መሐሉ፣ ላያችሁ ላይ ነው ያለው። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ፣ ሲረዝምም ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ነፋሱ ከተቃራኒው አቅጣጫ ይመጣል። ውኃ ቤት ውስጥ ሲገባ ደግሞ መውጫ ወደሌለው ጣሪያ ሥር አትግቡ፤ በካትሪና ጊዜ እዚያው ተይዘው የሞቱ አሉ።

የሌሊት ነርስ፦

ወንድሜ፣ የእናትዎን ነገር ሳነብ ዝም ማለት አልቻልሁም። እስካሁን የተጻፈው ማዕበሉ ስለሚመታበት ቀን ነው፤ እኔ በሥራዬ የማገኛቸው ሕመምተኞች ግን የሚመጡት በሦስተኛውና በአምስተኛው ቀን፣ ሰማዩ ጠርቶ መብራት ገና ሳይመለስ ነው።

በመጀመሪያ ጄኔሬተር። በ2020 ሎራ ሉዊዚያናን ከመታች በኋላ በርካታ ሰዎች የሞቱት ከነፋሱ ተርፈው፣ በጄኔሬተር ጭስ በተኙበት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ሙቀቱ ነው ብሎ ጋደም ይላል፣ ከዚያ አይነሣም። ጄኔሬተር ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር መራቅ፣ የጭሱ አፍም ከቤቱ መዞር አለበት። ጋራዥ ውስጥ በሩ ቢከፈትም አይቻልም። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ መጮኺያ መኝታ ክፍሎቹ አጠገብ ይስቀሉ፤ ጄኔሬተር ከመግዛትዎ በፊት ይህን ይግዙ። የከሰል ምድጃም ወደ ቤት አይግባ።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። በ2017 ከአይርማ በኋላ በፍሎሪዳ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ማቀዝቀዣው ቆሞ 12 አረጋውያን ሞተዋል። ሕንጻው አልፈረሰም፤ ውኃም አልገባበትም። አረጋዊ ሰው ጥማቱና ላቡ ስለሚቀንስ እየተጎዱ መሆናቸው አይታወቃቸውም። እናትዎን ከሁለት ቀን በላይ መብራት በሌለበት ቤት አያቆዩ፤ የማቀዝቀዣ ማዕከላት የት እንደሚከፈቱ አስቀድመው ይወቁ።

ኢንሱሊን ብዙ ሰው እንደሚፈራው ወዲያው አይበላሽም። አብዛኛው ዓይነት ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እስከ 28 ቀን ይቆያል፤ የሚያበላሸው መኪና ውስጥ የሚታመቀው ሙቀትና ከበረዶ ጋር ተነካክቶ መርጋቱ ነው። በፎጣ ጠቅልለው ከበረዶው ለይተው ያስቀምጡት። መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲቃረብ ከመግዛት ይልቅ ከወቅቱ በፊት ለሐኪማቸው ነግረው ተጨማሪ ማዘዣ ይያዙ።

ስለ ኦክስጅን ማሽኑ ደግሞ ሦስት ስልክ ይደውሉ። ለመብራት ድርጅቱ ደውለው ቤቱ በሕክምና መሣሪያ የሚኖር ሰው እንዳለበት ያስመዝግቡ፤ መመዝገብ ግን መብራት ቀድሞ ይመለሳል የሚል ዋስትና አይሰጥም። ለአካባቢው አስተዳደር ደውለው ልዩ ፍላጎት ላላቸው ሰዎች የተዘጋጀ መጠለያ መኖሩን ይጠይቁ፤ ተራው መጠለያ የመብራት መሰኪያ ላይኖረው ይችላል። ሦስተኛው ማሽኑን ለሚያቀርበው ድርጅት ነው፤ መጠባበቂያ ሲሊንደር እንዲሰጧችሁ ይጠይቁ። ትንሿ በእጅ የምትገፋው ሲሊንደር ሙሉ ስትሆን በደቂቃ 2 ሊትር ለሚወስድ ሰው 5 ሰዓት ተኩል ያህል ትቆያለች፤ እናትዎ የሚወስዱትን መጠን ይዘው ስንት ሲሊንደር ለስንት ሌሊት እንደሚበቃ ያስሉ።

አዲስ ነዋሪ፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ካርታውን ትናንት ማታ አየነው፤ ቀጠናችን ከሚጠሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኖ አገኘነው። ባለቤቴ «እንግዲህ ከሁለቱ ገጽ ግማሹን ሰርዘው» አለችኝ፤ እውነቷን ነው፣ ለመቀመጥ የጻፍነው ብዙ ነበር። ጄኔሬተሩን ግን ለትንንሾቹ ማዕበሎች ብዬ ገዝቼው ነበር። ዝናብ እንዳይመታው ከኋላ ባለው፣ ጣሪያ ባለው በረንዳ ላይ ላስቀምጠው አስቤአለሁ። በሦስት ጎን ክፍት ስለሆነ ይበቃል?

የሌሊት ነርስ፦

አይበቃም። የበረንዳው ጣሪያ ጭሱን አቁሮ በኮርኒሱ ስንጥቅና በመስኮቱ ወደ ቤት ይመልሰዋል። ለዝናቡ ራሱን የቻለ መጠለያ የሚሠሩለት አሉ፤ 6 ሜትር ርቆ እዚያ ይቀመጥ፤ እናትዎ ከሚተኙበት መስኮት ደግሞ ከዚያም ይራቅ።

ጣሪያ ሠሪ፦

አንድ ነገር ልጨምርበት። ጄኔሬተሩን በሁለት ወንድ ሶኬት ገመድ ከግድግዳው መሰኪያ ጋር የሚያገናኙ ሰዎች አይቻለሁ። በፍጹም እንዳይሞክሩት። ኤሌክትሪኩ ወደ ውጭው መስመር ወጥቶ ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ ይገድላል። ቤቱን በሙሉ ማብራት ከፈለጉ መስመር መለወጫ በባለሙያ ይገጠም፤ ካልሆነ ማሽኑንና ፍሪጁን በወፍራም ማራዘሚያ ገመድ በቀጥታ ይሰኩ። ቤንዚን ሲጨምሩም ሞተሩ ጠፍቶ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ።

ወረቀት አንባቢ፦

እኔ የኢንሹራንስ ውል ማንበብ ልማዴ ነው፤ ልማድ ያደረገብኝም አንድ ጊዜ ሳላነብ ፈርሜ መጎዳቴ ነው። ተራው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም። ጣሪያው በነፋስ ተነሥቶ ዝናብ ከገባ ይከፍላሉ፤ ውኃው ከምድር ተነሥቶ በበር ከገባ አይከፍሉም። ለጎርፍ የተለየ ውል ያስፈልጋል፤ የብሔራዊው የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራም ለመኖሪያ ቤት እስከ 250,000 ዶላር፣ ለዕቃ ደግሞ እስከ 100,000 ዶላር ይሸፍናል። ተከራይም ለዕቃው ብቻ መግባት ይችላል። ዋናው ጉዳይ ግን ውሉ በአብዛኛው የሚጸናው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ መሆኑ ነው። ጠያቂያችን አምስት ሳምንት ቀረኝ ካሉ፣ ከጁን 1 በፊት ሽፋን እንዲኖራቸው በዚህ ሳምንት መግዛት አለባቸው። በእኔ አስተያየት ከካርታው ቀጥሎ የሚመጣው ይህ ነው፤ ኮምፔንሳቶ ሊቆይ ይችላል።

ሌላው ለሀሪኬን የተለየው ከራስ የሚከፈል ድርሻ ነው። በቁርጥ ገንዘብ ሳይሆን በመቶኛ ይጻፋል፤ ቤቱ በ300,000 ዶላር ተመዝግቦ ድርሻው 5 በመቶ ከሆነ የመጀመሪያው 15,000 ዶላር ከኪስ ይወጣል። ሰው ይህን የሚያውቀው ጣሪያው ከሄደ በኋላ ነው።

ከዚያ ስልክዎን ይዘው ከክፍል ወደ ክፍል እየዞሩ ቪዲዮ ይቅረጹ፤ ቁም ሣጥኑን ይክፈቱ፣ የማሽኖቹን መለያ ቁጥር ያሳዩ፣ ፋይሉንም ከቤት ውጭ ወዳለ ቦታ ይላኩ። ጉዳት ከደረሰ የረጠበውን ዕቃ ፎቶ ሳያነሡ አይጣሉ፤ ነገር ግን ሻጋታ በ24 እና በ48 ሰዓት ውስጥ ስለሚጀምር የኢንሹራንሱን ጉዳት ገማች በመጠበቅ ርጥብ ምንጣፍ ላይ አይቀመጡ። አንስተው፣ ቆርጠው ናሙና አስቀርተው ያውጡት። በር እያንኳኳ «ፈርሙልኝና ሁሉን እኔ ከኢንሹራንሱ ጋር እጨርሳለሁ» የሚል ሠራተኛ ከመጣ ብዕር አያንሡ።

ሳንቲም በብርጭቆ፦

ትንንሽ ነገሮችን ልበል። ውኃ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን፣ ወደ 4 ሊትር የሚጠጋ ይያዛል፤ ለአምስት ሰው ለአንድ ሳምንት 35 ጋሎን ይሆናል። የገላ መታጠቢያው ገንዳ የሚሞላው ለመጸዳጃ ቤት እንጂ ለመጠጥ አይደለም፤ የ4 ዓመት ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ ክፍሉ መቆለፍ አለበት። የቧንቧ ውኃ ተበክሏል ከተባለ ይፈላ፤ ማፍላት ካልተቻለ ሽታ ያልተጨመረበት 6 በመቶ በረኪና በጋሎን 8 ጠብታ ተጨምሮ 30 ደቂቃ ይቆይ።

ፍሪጅ ካልተከፈተ 4 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ 24 ሰዓት። ከቤት ለሚወጣ ሰው የሚሆን አንድ ዘዴ አለ፦ ብርጭቆ ውኃ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ እስኪሆን ያቆዩና ላዩ ላይ ሳንቲም ያስቀምጡ። ሲመለሱ ሳንቲሙ ላዩ ላይ ካለ መብራቱ ቢጠፋም ለአጭር ጊዜ ነው፤ ወደ መሐል ወይም ወደ ታች ወርዶ እዚያ ረግቶ ካገኙት ምግቡ ቀልጦ እንደገና ረግቷልና ሁሉንም ይጣሉ። ስሜንም ያገኘሁት ከዚሁ ነው።

ከጉዳዩ ትንሽ ልውጣና፣ ብዙዎቹ ትልልቅ ሀሪኬኖች የሚፈለፈሉት ከአፍሪካ ምዕራብ ጠረፍ ከሚወጡ የአየር ሞገዶች ነው። ከእነዚያ ሞገዶች አንዳንዶቹ መነሻቸው በዳርፉር ተራሮችና በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የሚነሣው የነጎድጓድ ደመና እንደሆነ የአየር ጠባይ ሳይንቲስቶች ይናገራሉ። ሴፕቴምበር 10 አካባቢ፣ ወቅቱ ጫፍ ሲደርስ፣ ይህን እያሰብሁ ወደ ምሥራቅ እመለከታለሁ።

አዲስ ነዋሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የደረስንበትን ልንገራችሁ። የጎርፍ ውሉን ማክሰኞ ገዛን። ሰባ ኪሎ ሜትር ርቀው ከፍታ ላይ ከሚኖሩ ወዳጆቻችን ጋር ተነጋግረን፣ ቀጠናችን በተጠራ ሰዓት ወደ እነርሱ እንድንሄድ ተስማማን። እናቴ መጀመሪያ «እኔ በስተርጅና ከቤት አልንከራተትም» ብለው ነበር፤ የመታጠቢያ ቤቱን ጉርጉርታ ጋሼ እንደጻፉት ሳነብላቸው ዝም ብለው አዳመጡና «ፍሪጁ በጀርባው ተኛ አልህ?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲህ አልተከራከሩም።

ትናንት ማታ ደግሞ ልምምድ አደረግን። ልክ መብራት እንደጠፋ አድርገን የኦክስጅን ማሽኑን ነቀልነውና ወደ ሲሊንደሩ ለማዞር ሞከርን። ሲሊንደሩ ሙሉ ነበር፣ ቱቦውም ነበር። የሲሊንደሩን አፍ የምትከፍተው ትንሿ ቁልፍ ግን የለችም። እኔ በባትሪ መሳቢያ ስበረብር፣ ባለቤቴ ሣጥን ስታራግፍ አሥራ አንድ ደቂቃ አለፈ፤ በመጨረሻ የ4 ዓመቷ ልጃችን ከመጫወቻዎቿ መሐል አወጣችው። በእውነተኛው ሌሊት ቢሆን ኖሮ ምን እናደርግ እንደነበር አላውቅም። መፍትሔ ያላችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

የሌሊት ነርስ፦

ልምምዱን ማድረግዎ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ቤት ይህችው ቁልፍ ናት የምትጠፋው። ሁለት ተጨማሪ ቁልፍ ከአቅራቢው ይጠይቁ፤ ዋጋዋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አንዷን በገመድ በሲሊንደሩ አንገት ላይ ያንጠልጥሉ፣ ሌላዋን ከመኪናው ቁልፍ ጋር ያድርጉ። ልጅቷ መጫወቻ ካጣች የድሮዋን ይተዉላት።